ዶሮ የሚያድርበት ቶርኖ

ባለፈው እሑድ የልጄ ባል ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቶ የአንዲት ትንሽ ቶርኖ ሥዕል አሳየኝ። ብረት እያሽከረከረች የምትቀርጸውን ማሽን እኛ የድሮ ባለሙያዎች የምንጠራት በዚህ ስም ነው።

"ለጓሮ ሥራ ትበቃኛለች፤ ዋጋዋም አይጎዳም። ምን ይመስልዎታል?" አለኝ።

ቀለሟ እንደ መስተዋት ያበራል። ሳቄ አመለጠኝ። እኔ እንዲህ ባለ ቀለም ልቤ የጠፋው በደርግ ጊዜ ነው።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም፤ ናዝሬት ውስጥ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጥሩወርቅን ላገባ አስቤ ነበር። አባቷ ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ቶርኖ ላይ ቆመው የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሐሳቤን ሲሰሙ አልተቆጡም። "መጀመሪያ ቤትህ ውስጥ የራስህን ማሽን ትከል። ከዚያ ሽማግሌ ትልካለህ" አሉኝ። ቀጥለውም "ብቻህን ከሄድክ ቀለም ገዝተህ ነው የምትመጣው" ብለው አብረውኝ ሊሄዱ ወሰኑ።

አንድ ችግር ነበር። የማሽን ጩኸት ጆሯቸውን ስለጎዳው፣ ጋሽ ደምሴ በሹክሹክታ የተናገሩት ነገር ሦስተኛው ቤት ይሰማል።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ጤፉ ታጭዶ የሜዳው አቧራ የሚነሳበት። መጀመሪያ የሄድነው ሞጆ ነው። እዚያ ያየነው ማሽን አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ገና ከበሩ ሳየው አለቀልኝ። ጋሽ ደምሴ ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ መቁረጫው ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት። መሐል ላይ ጥፍራቸው ጎድጎድ ያለ ቦታ ገባ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ምስጢር የነገሩኝ መስሏቸው፣

"ቀለሙ ጉዱን ሊሸፍን ነው! ሐዲዱ ተበልቷል!" አሉኝ።

ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚያስጠርግ ሰውዬ ዞሮ አየን። ሻጩ ፊቱ ቀላ። "አባት፣ ይሄ ምክር ነው ወይስ አዋጅ?"

"ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። "ደግሞ ሞተሩ የፋብሪካ መብራት ይፈልጋል! ይሄ ልጅ ቤት ያለው አንድ አምፖል ነው!"

ሻጩ በሩን ዘጋብን። ቆቃ ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ ስንበላ እንኳ ኩርፊያዬ አልለቀቀኝም። ወጣት በዓይኑ ነው የሚመርጠው። እኔም ጥሩወርቅን በዓይኔ መርጬ ስላልተሳሳትኩ ዓይኔን ከመጠን በላይ አምነው ነበር።

ዓለም ጤና የደረስነው ፀሐዩ አናት ሲበሳ ነው። የማሽኑ ባለቤት ኦቦ ገመቹ ሽንኩርት አምራች ናቸው። "አካም ጅርቱ!" ብለው ተቀበሉንና ከጓሮ ወዳለ መጠለያ ወሰዱን። ጥንት የውሃ ፓምፕ ይጠገንበት የነበረ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ የጣሊያን ቶርኖ ቆሟል። ማለቴ፣ ቆሟል ተብሎ ተነገረን እንጂ የሚታየው ዶሮ ብቻ ነበር። አምስት ዶሮዎች በላዩ ተደርድረዋል፤ ኩሳቸው ብረቱን እንደ ኖራ ለስኖታል።

ጋሽ ደምሴ ዶሮዎቹን አባረሩ፤ በነጭ ጋዝ የተነከረ ጨርቅ ይዘው ሐዲዱን ይፈትጉት ጀመር። በጥፍራቸው ዳበሱት። ብረት የሚነክሰውን ጭንቅላት ይዘው ወዘወዙት፤ አልተነቃነቀም። በእጃቸው ቢያሽከረክሩት ድምፅ ሳያሰማ ብዙ ዞረ። ፊታቸው በራ፤ ጠጋ አሉኝ።

"ወርቅ ነው! ሰውዬው እንዳያውቅ!"

"አባ፣ ሰማሁ እኮ" አሉ ኦቦ ገመቹ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ዋጋው ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ ሠርጌም አብሮት ሲሄድ ታየኝ። ኦቦ ገመቹ ግን ወደ ዶሮዎቻቸው ዞረው "መጀመሪያ የተናገርኩትን ዋጋ አላጥፍም። ግን እነዚህ የት ይደሩ?" አሉ።

ስለዚህ ለአማቴ አምሮብኝ ልታይ ብዬ የለበስኩትን ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ሰብስቤ፣ መዶሻ ተውሼ፣ ለአምስት ዶሮ ማደሪያ ቆጥ ሠራሁ። ጋሽ ደምሴ ቁጭ ብለው "ጠማማ ነው!" እያሉ አስፈረሱኝ፤ ሁለት ጊዜ።

ቶርኖውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን የሽንኩርት ጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያዎች መሐል አሰርነው። ከሽንኩርቱ ነጋዴዎች ጋር ላዩ ላይ ተቀምጠን ስንመለስ አንድ ኬላ አስቆመን። ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ብርድ ልብሱን እያየ "ምንድን ነው የተሸፈነው?" አለ።

"ቶርኖ!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ጦር?" ጠባቂው ደነገጠ። "ጦር ነው ያሉት?"

"አዎ! የጣሊያን!"

በአንድ አፍታ ሁላችንም እጃችንን አንስተን ነበር፤ ነጋዴዎቹ ጭምር። የኬላው ኃላፊ ወጥቶ ብርድ ልብሱን አስገለጠ። እግሩንና ጭንቅላቱን ቢያይ ይባስ ጠረጠረ። "ጓድ፣ ብረት መቅረጫ ነው" ብዬ ብለማመጥም "እንግዲያው ይቅረጽና ልየው" አለኝ።

ጋሽ ደምሴ ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው መንገዱን በሚዘጋው ረጅም እንጨት ላይ አረፈ። እንጨቱ የሚዞርበት ብረት ተበልቶ በገመድ ታስሯል። ለኩት፤ ከቦርሳቸው ቁራጭ ብረትና መቁረጫ አወጡ። እኔ በሽንኩርት ጆንያ መሐል ቆሜ ረገጥኩ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ረገጥኩ፤ እሳቸው ቀረጹ። ኃላፊው የሚወርደውን ጥቅልል ፍቅፋቂ በጣቱ ነክቶ "እፍ!" አለና ማመን ጀመረ። አዲሱ ብረት ሲገጠም እንጨቱ ሳይንገጫገጭ ተነሳ፤ መኪናችን አለፈ።

ትንሽ እንደሄድን ጋሽ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በዚያው በሹክሹክታቸው፣ "እንግዲህ ሽማግሌ ላክ!" አሉኝ። የሽንኩርት ነጋዴዎቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ጥሩወርቅ ወሬውን የሰማችው ከእኔ አይደለም፤ ሹክሹክታቸው ናዝሬት ከእኛ በፊት ደርሷል።

በዚያ ቶርኖ ሦስት ልጆች አሳደግን። ታዲያ የዛሬ ልጆች ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። ምናልባት እነሱ በሥዕል የሚያዩትን እኛ ያለ ጥፍር አናየው ይሆናል። ግን ለልጄ ባል ሌላ ምክር አልነበረኝም።

"ተነስ፣ ሄደን በእጃችን እንዳብሳት" አልኩት።

"አባባ፣ ያለችው እኮ ቻይና ነው" አለኝ።

በእኛ ጊዜ ሩቅ ማለት ዓለም ጤና ነበር።