ተዘግቶ የሚያፈሰው ትራንዚስተር

ከቡሬ የወጣሁ ዕለት አባቴ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝና፣ «ታላቅ ሰው ፊት አፍሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ጀርመን ድረስ የደረሰልኝ ስንቅ ይሄ ምክር ብቻ ነው፤ በሶዬንማ ጉምሩኮቹ «ምን ዱቄት ነው?» እያሉ ሲያሸቱት ቆይተው አስቀሩብኝ። ገብስ ነው ብል ማን ሊሰማኝ!

የምሠራው የኮምፒውተር ቺፕ የሚጠናበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ትራንዚስተር እለካለሁ። ትራንዚስተር ለኤሌክትሪክ የተበጀች ትንሽ በር ናት፤ ኮምፒውተር የሚያስበው ይህችን በር በመክፈትና በመዝጋት ነው። ታዲያ በጣም ሲያሳንሷት ተዘግታም ኤሌክትሪኩን ታፈሳለች፤ ስትሞቅ ደግሞ ይብስባታል። እኛ አገር መራዊ ላይ መስኖ ያጠጣ ሰው ይገባዋል፤ ቦዩን በጭቃ ደፍነህ ተኝተህ፣ ጠዋት የጎረቤት ማሳ ርሶ ታገኘዋለህ።

አዛውንቱ ፕሮፌሰራችን «አዲሱ ትራንዚስተር አያፈስም» የሚል ጽሑፍ አዘጋጁ። በክፍሉ ሙቀት ስለካው እውነትም አያፈስም። ኮምፒውተር ሲሠራ የሚግለውን ያህል አሙቄ ስለካው ግን አፈሰሰ! ጽሑፉ ውስጥ የገባው የፊተኛው ልኬት ብቻ ነው፤ ስሜም አለበት። ኮንትራቴን የሚያድሱት ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ ያለ ኮንትራት መኖሪያ ፈቃድ የለም።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እንዳገሬ ሽማግሌ ላክሁ! የላቦራቶሪውን አንጋፋ ቴክኒሻኖች ሄልጋንና ፍራንክን፣ «ስለ ሙቀቱ ልኬት ገብታችሁ አማልዱኝ፣ እኔ ደጅ እቆማለሁ» አልኋቸው። ግራ እንደገባቸው ገቡ። ፕሮፌሰሩ እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው ወጡ።

«ከሰስሽኝ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! አክብሬዎት ነው።»

«ካከበርሽኝ ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም?»

ደሜ ፈላ። ራስሽ ተናገሪ ካሉኝማ!

«እሺ፣ ይኸው ራሴ። ሲሞቅ ያፈሳል። ሁለቱም ልኬት ይግባ።»

«እሱ ለሌላ ጽሑፍ ይቆይ።»

«እንግዲያው ስሜን ያውጡልኝ።»

«ኮንትራትሽ ሊያልቅ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ትራንዚስተሩ ግን የኔን ኮንትራት አያውቅም።»

ተከትላቸው የወጣችው ሄልጋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን አዞረች።

ስሜን አወጡት፤ ኮንትራቱንም አላደሱልኝም። አልጸጸትም! ለሦስት ሌሎች ላቦራቶሪዎች ማመልከቻ ላክሁ፤ የሙቀቱን ነገር ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፌ።

እሁድ ለአባቴ ደውዬ ከሥራ መውጣቴን ነገርኋቸው። ያዝናሉ ብዬ ስፈራ፣ «ታዲያ መጣሁልዎ በይኛ!» ብለው በደስታ ጮኹ። ልጅ ሆኜ የምተኛባትን የጓዳ ክፍል ነገውኑ ሊያስመርጉልኝ ነው፤ ጭድ አላቸው፣ ጭቃ የሚያቦካም ሰው አላጡም። ስለ ማመልከቻዎቹ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ ደስታቸውን ማፍረስ ግን አቃተኝ።

«መቼ ነው የምትመጪ?» አሉኝ።