የቀዩ መኪና ጀርባ

አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። የተሰበረ የኋላ መብራት ይዞ የገባ ደንበኛ ሞዴሉን ሳይነግረኝ እኔ ቀድሜ እነግረዋለሁ፤ በዚህ በኩል ጉረኛ መሆኔን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አባቴ ከዓይን ሐኪም በተመለስን ማግስት «አንድ መኪና ፈልግልኝ» ሲለኝ የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው ብሎናል። የቀኝ ዓይኑ አልቆለታል። የግራው ዙሪያው ጨልሞ መሃሉ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ብዙ እንደማይቆይ አልደበቀንም። ሌላ ሰው ቢሆን «ልጆቼን ሰብስቡልኝ» ይል ነበር። የእኔ አባት ግን ዓይኑ ሳይጠፋ የአንድ መኪና ጀርባ ማየት አማረው። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ።

ነገሩ የቆየ ነው። አባቴና እናቴ አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ የሚኖሩባት የጭቃ ቤት ግድግዳ በጋዜጣና በመጽሔት ተለጥፎ ነበር፤ ያኔ የማይለጥፍ ቤት አልነበረም። እናቴ ከገበያ ካመጣችው አሮጌ የፈረንጅ መጽሔት ላይ ቀይ መኪና ያለበትን ገጽ ቀድዳ፣ በዱቄት ሙጫ ከአልጋው ራስጌ ለጠፈችው። አፍንጫው እንደ አውሮፕላን ሞተር ክብ፣ ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር መስታወት። አባቴ ከሥራ ገብቶ ሲያየው ፈዞ ቀረ። ከገጹ በስተጀርባ ምን እንዳለ ሲጠይቃት «እዚያም ያው መኪና ነው፣ ከኋላው ተነስቶ። ፊቱ ያምራል ብዬ እሱን ወደ ውጭ አደረግሁት» አለችው። ሊያላቅቀው ሲሞክር ጥጉ ስለተቀደደ ተወው።

አባቴ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበር። ያንን ሥዕል እያየ ዕቃና ሰው ሊጭንበት ያዘጋጀውን የፈረስ ጋሪ ላሜራ አለበሰው። ፊቱን ልክ እንደ መኪናው አደረገው፤ ኋላውን ግን ስላላየው ከጭንቅላቱ አውጥቶ ሠራ። ማንም ጋሪ ነጂ ሊነግረው የሚችለውን ነገር የረሳው እዚህ ላይ ነው፤ ከጋሪ ፊት ፈረስ ይቆማል። ወር ሙሉ የለፋበት አፍንጫ ከፈረሱ ቂጥ ኋላ ተደበቀና አዳማ ሲያየው የኖረው አባቴ የፈጠረውን ጀርባ ብቻ ሆነ።

ያ ጋሪ ስድስታችንንም አሳድጎናል። አባቴ ግን ጀርባውን እንደ ውሸት ይቆጥረው ነበር። ጓደኞቹ ሲቀልዱበት ቤት ገብቶ ንዴቱን እናቴ ላይ ይወጣል። ወጡ ጨው ሲበዛበት እንኳ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያ ገጽ ላይ ያርፋል፦ «ጀርባውን ብታሳዪኝ ኖሮ!»

ቤቱ ፈርሶ በብሎኬት ሲሠራ ገጹም አብሮ ጠፋ። «ሞዴሉ?» ስለው «ቀይ ነው» ይለኛል። ሱቅ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ሳምንታት ፈለግሁ። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ ዓመታት ለሽያጭ ያልሆነ፣ በኤግዚቢሽን ለማሳየት ብቻ አንድ አንድ እየሠሩ ብዙ መኪና እንዳወጡ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ኋላ ተቆራርጠው እንደተጣሉ ያነበብኩት ያኔ ነው። መለዋወጫ የሌለው መኪና! እንደ ነጋዴ ሰደቡኝ ማለት ነው።

ከዚያ የጋሪው ፊት ትዝ አለኝ። ባጃጅ ሲበዛ አባቴ ጋሪውን ለአንድ የሁሩታ ገበሬ ሸጦት ነበር። አንድ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሰውየው አርጅተዋል። «አካም ጅርታ» ብለው ተቀብለውኝ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጎማው ወልቆ፣ ላሜራው መሬት ላይ ተቀምጦ የዶሮ ቤት ሆኗል። ውሃ አምጥተው አፍንጫውን አብረን አጠብነው።

«ያባትህ እጅ ነው?» አሉኝ። «ይሄ ኋላው ዝናብ አያስገባም። ዶሮዎቼ ክረምቱን የሚያልፉት እዚያ ሥር ነው።» ለአባቴ ብለውም አሥር እንቁላል በገለባ ጠቅልለው ሰጡኝ። እስከ አዳማ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ።

የታጠበውን አፍንጫ በስልኬ አንስቼው ስለነበር ፎቶውን በኢንተርኔት ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ላክሁ። አብዛኞቹ ሳቁ። በአራተኛው ቀን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጻፈልኝ። ልጅ ሆኖ የአባቱን እጅ ይዞ ኤግዚቢሽን ላይ ያንን አፍንጫ አይቶታል፤ እዚህ ዶሮ ቤት ላይ ሲያገኘው ወዲያው ለየው። የመጽሔቱን ገጾች ከነጀርባው ፎቶ ላከልኝ። መልኩን የማላውቀውን ሰው እንደዚያ ቀን ከልቤ አመስግኜ አላውቅም። የአባቴ መዶሻ ምን ያህል ልክ እንደነበረም የነገረኝ እሱ ነው።

ጀርባው ግን ሌላ ነበር። የመኪናው ጅራት በሙሉ አንድ ትልቅ ቧንቧ ነው፤ የጄት ጭስ መውጫ እንዲመስል የተሠራ። የአባቴ ጋሪ ኋላው ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ዳር ዳሩ የታጠረ ነበር። አንድም የሚመሳሰል ነገር የላቸውም። «ቁርጥ ያንተው ነው» ብዬ ልዋሸው ወሰንኩ።

ትልቅ ከሆነ በደንብ ያየዋል ብዬ የሰርግ ባነር የሚያትሙ ሰዎች ጋ በመኪና ልክ አሳተምኩትና የግቢው አጥር ላይ ሰቀልኩት። ተሳስቻለሁ። አባቴ የሚያየው መሃሉን ብቻ ስለሆነ ሥዕሉ ባንድ ጊዜ ዓይኑ ውስጥ አልገባለትም። ፊቱን አስጠግቶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እርምጃ በእርምጃ እየሄደ፣ ቁራጭ በቁራጭ አየው። እናቴ በር ላይ ቆማለች። ውሸቴ አፌ ላይ ነበር።

«ዕቃ የሚጫነው የት ነው?» አለኝ።

«ቦታ የለውም፣ አባዬ።»

«ሽንኩርቱስ?»

«የለም።»

«ምጥ የያዛትን ሴት የት አስተኝቼ ሐኪም ቤት አደርሳት ነበር?»

ልዋሸው ማሰቤን ረሳሁት። አባቴ ዳር እስኪደርስ ሄዶ እንደገና ተመለሰ።

«ባየው ኖሮ ይሄንኑ ነበር የምሠራው» አለ። «ሞኝ ነበርኩ፣ ቀጥቅጬ ቀጥቅጬ ይሄንን ቧንቧ አወጣ ነበር። ማን ይጫንበት ነበር? እናንተስ ምን ትበሉ ነበር?» ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «አንቺ፣ እንኳንም ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጠፍሽው። እግዜር ይስጥሽ።»

«ይሄን ለማለት ዓይንህ እስኪጠፋ መጠበቅ ነበረብህ?» አለች እናቴ። ልትቀልድ ፈልጋ ነበር።

አባቴ ወደ እሷ ሄደ። ፊቱን አስጠግቶ መጀመሪያ ግንባሯን አየ፣ ቀጥሎ አንዱን ዓይኗን፣ ሌላውን፣ አፍንጫዋን፣ ከዚያ አገጯን። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሂድ ወዲያ፣ ልጅህ ፊት!» ትለው ነበር። አሁን ግን ፎቶ የምትነሳ ይመስል ቀጥ ብላ ቆመችለት።