ሥር የሌላቸው አበቦች

አስተማሪ ሆኜ ኮልፌ የገባሁ ሰሞን የተከራየሁት እትዬ ከምላቸው ባልቴት ግቢ ነበር። አንድ ልጃቸው ብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ውሻውን አደራ ብሏቸዋል። ደብዳቤው ከቀረ ከርሟል፤ እሳቸው ግን የውሻውን ምግብ አንድ ቀን አላጓደሉም።

መስከረም ላይ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ አስነገረ፦ ለሚዞሩ ውሾች የተመረዘ ሥጋ ይጣላል። ውሻው ታስሮ ሲውል ያላዝናል። "ጧት ጧት እኔ አናፍሰዋለሁ" አልኳቸው።

በሰፈራችን ውሻ በገመድ ይዞ የሚዞር ሰው አይታወቅም። መንገድ ዳር ድር የሚያደራው ሸማኔ በየጧቱ፣ "መምህር፣ በጉን ስንት ገዙት?" ይለኝ ነበር።

ወደ ወንዙ የሚወርደው ሜዳ በማገጥ ሣርና ቅጠለ ሰፊ በሆነው ቀጠጥና አበባ ተሸፍኗል። እየለቀምኩ፣ እያደረቅሁ፣ ለተማሪዎቼ ማሳያ አንድ ደብተር ላይ እለጥፋለሁ። ናሙና ሙሉ የሚባለው ሥሩ፣ ግንዱ፣ ቅጠሉና አበባው አንድ ላይ ሲገኙ ነው።

አንድ ጧት ቀጠጥና ልነቅል ገመዱን በእግሬ ረግጬ በሁለት እጄ ሳብኩ። ሥሩ ድንገት ሲለቅ በጀርባዬ ወደቅሁ። ቀና ስል ውሻው ታች ወንዙ ዳር ቆሞ አፉን ይልሳል። ሮጬ ያዝኩት። መሬቱ ላይ ምንም የለም። ምን እንደበላ፣ መብላቱንም አላወቅሁም።

ቤት አስሬው፣ ለእትዬ ምንም ሳልናገር ትምህርት ቤት ሄድኩ። የዕለቱ ትምህርት ስለ ሥር ነበር። ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ይኼን እኮ አሁን ነግረውናል!" አለች አንዷ ተማሪ።

ደወሉ ሲደወል ሮጥኩ። ሸማኔው "በጉ አመለጠ እንዴ?" ሲለኝ ሳልቆም አለፍኩት። እትዬን በር ላይ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ያኔ ብትነግረኝ ወተት እግተው አልነበር?" አሉ። "የማታስረዳው ነገር የለም፤ ይኼን ማስረዳት አቃተህ?"

ወተት አመጡ፤ ውሻው ጠጣ። እስኪመሽ ሁለታችንም ከአጠገቡ አልተነሣንም። ውሻው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሥቶ ሳህኑን በአፍንጫው ሲገፋ፣ እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ደብተሩ ዛሬም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የለጠፍኳቸው አበቦች ገመዱን ሳልለቅ በአንድ እጅ የቀነጠስኳቸው ናቸው፤ አንዳቸውም ሥር የላቸውም።