ሰማያዊው በርሜል

አየሁሽ ከዳንግላ ወደ መተማ የወረደችው በ1990 ዓ.ም ሰሊጥ ልታጭድ ነው። ሁለት ዓመት አጭዳ ወገቧ እንቢ ሲላት ወደ ማብሰሉ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ሽንፋ አጠገብ ባለው የአቶ ፈረደ እርሻ በየጥቅምቱ ለስድሳ አጫጅ ገንፎና ንፍሮ ታበስላለች።

ስድሳ ሰው በቀን አራት በርሜል ውሃ ይጨርሳል። ውሃው በትራክተር ተሳቢ ከወንዝ ይመጣል። በርሜሎቹ ሰማያዊ፣ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ክዳናቸው ጥብቅ ያለ ነው፤ ወድቀው አይሰበሩም። ችግሩ የአረም መድኃኒት ይዘው መምጣታቸው ነው። በዚህ ቆላ ባዶ የመድኃኒት በርሜል የሚጥል የለም። በአሸዋ ይታሻል፣ በኦሞ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ይገለበጣል፤ በቃ፣ የውሃ በርሜል ሆነ። እኔ የእርሻው ትራክተር መካኒክ ነኝ፤ የናፍጣ ጄሪካን ስንቴ አጥቤ ሽታው እንዳልለቀቀኝ አውቃለሁ። ይሄ ደግሞ ናፍጣ እንኳ አይደለም።

በ2003 ሰባት አጫጆችን ሲያስመልሳቸው ዋለ። ሸጋው የሚባል ከወሎ የመጣ ሰው እየተንቀጠቀጠ በጭነት መኪና ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ሐኪም ቤት ተወሰደ።

«ወባ ነው» አለ የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው ያረጋል። ለእሱ ሁሉም ነገር ወባ ነው።

«በርሜሉን አሽትተው!» አለችው አየሁሽ።

«አጥበነዋል እኮ አንቺ!»

«ልብስ ነው እንዴ?»

በዚያው ሰሞን እርሻ ሁሉ ለሠራተኛው መጠለያ፣ አጎበርና የመጠጥ ውሃ እንዲያቀርብ መመሪያ ወጣ። መመሪያው ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ጉዱ ያለው ተቆጣጣሪዎች የሚሞሉት ቅጽ ላይ ነው። አንድ ተቆጣጣሪ መጣ፣ በርሜሎቹን ቆጠረ፣ «የመጠጥ ውሃ፦ አለ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ። ሁለተኛውም መጥቶ «አለ» ብሎ ሄደ። አየሁሽ ሁለቱንም እጃቸውን ይዛ ነግራቸዋለች። ሁለቱም «ለሚመለከተው እናሳውቃለን» አሏት።

በ2004 ጥቅምት ሠላማዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ለዚያው ቁጥጥር መጣች። እስክሪብቶዋን ስታወጣ አየሁሽ በጣሳ ከበርሜሉ ቀድታ ዘረጋችላት።

«ጠጪ፣ ልጄ። ከዚያ ጻፊ።»

ሠላማዊት ጣሳውን ወደ አፏ አስጠጋችና መለሰችው። «እትዬ አየሁሽ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«አለ የምትሉት ውሃ ነዋ!»

ልጅቷ ቅጹን አገላበጠች። «አለ» እና «የለም» ብቻ ነው። የማይጠጣ ውሃ የሚጻፍበት ቦታ የለም። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ፣ ምክንያቱን በጠርዙ ላይ በእጇ ጻፈች። «ለባለቤቱ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ በአሥራ አምስት ቀን ማስተካከል አለበት።»

«አሥራ አምስት ቀን! እስከዚያ እነዚህ ምን ይጠጡ?»

 አየሁሽ እሳቱን በበርሜሉ ውሃ አጠፋች፤ ለዚያስ ይሆናል ውሃው።

«በዚህ በርሜል ከእንግዲህ አላበስልም» አለች።

ያረጋል ጮኸ። «ነገ ሌላ አብሳይ አመጣለሁ! ዕቃሽን ጠቅልይ!»

«አምጣ። ጣሳው ያው እዚህ ነው፤ ታሽትት።»

አጫጆቹ ጣሳውን ተቀባበሉ። ከዚያ ማጭዳቸውን እየጣሉ ተራ በተራ ግራሩ ሥር ቁጭ አሉ። ሰሊጥ ደግሞ ደብዳቤ አይጠብቅም። ፍሬው ከደረሰ አፉን ይከፍታል፤ ያልታጨደው መሬት ላይ ይረግፋል። ያረጋል ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ለአቶ ፈረደ ሊደውል በሞተር ሳይክል ኔትወርክ ፍለጋ በረረ።

በማግስቱ ረፋድ አቶ ፈረደ በፒክአፕ አራት አዲስ ቢጫ በርሜል ጭነው ደረሱ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለበርሜል ብለሽ ምርቴን ልታረግፊው ነበር?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ለበርሜል ብለው ሰው ሊያረግፉ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። አቶ ፈረደ በርሜሎቹን አስወረዱ፤ ሰማያዊዎቹን ዳግም ውሃ እንዳይያዝባቸው በመጥረቢያ አስቀደዱ። አየሁሽ እሳቷን አያያዘች፤ አጫጆቹ ማጭዳቸውን አነሱ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ያረጋል አንዱን ቢጫ በርሜል እያንከባለለ ሊወስድ መጣ። ለትራክተሩ ናፍጣ መያዣ አጥቶ ነው አሉ።

«ለሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አጥበን እንመልስልሻለን።»

 አየሁሽ በርሜሉን ቀምታ አቆመችው፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ላዩ ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች።