ሳያስፈቅዱ መግባት

ነገሩ የጀመረው መሰላል ላይ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቅጥር ወጣ ሲባል እኔና ጓደኛዬ አብረን ተመዘገብን። ታቦር ሰፈር አጥር ለአጥር ነው ያደግነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን አንድ ዴስክ ላይ ጨረስን፣ ነጥቡ ለሁለታችንም አልመጣም፣ እሁድ እሁድ መዘምራን መሃል ጎን ለጎን እንቆማለን። በፈተናው ቀን ሩጫውን ቀደምኳት። ቱቦ ተሸክሞ መሮጡንም ቀደምኳት። መሰላሉ ላይ ግን ስድስተኛው እርከን ስደርስ ጉልበቴ ተብረከረከና እዚያው ተጣብቄ ቀረሁ። እሷ ከታች ሆና፣ ያ ሁሉ ወንድ እየሰማ፣ «አይዞሽ፣ ወደ ታች አትዪ!» ብላ ጮኸች። ልትረዳኝ ነው። እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

እሷ ቀዩ መኪና ላይ ወጣች፤ እኔ አዲስ ከተማ ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። መተየብ፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን። ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ በበራችን ስታልፍ እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «ልጃችን እንዴት አምሮባታል!» ትላለች። ልጃችን! እኔ የማን ነኝ ታዲያ?

አንድ ቀን ከሰዓት በእጅ የተጻፈ ሦስት ገጽ ይዛ መጣች። የከተማው የእሳት አደጋ ደንብ ነው። ሠራተኛው ስልጣኑን እንዲያውቅ፣ ሕዝቡም በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ እንዲያነበው አሳጥረሽ ጻፊው ብሎ አዛዥዋ አዟታል። እነሱ ጋ ያለው ፕሪንተር ቀለም ጨርሷል።

«የኔ ቆንጆ፣ ዛሬውኑ አድርሺልኝ፤ ማኅተም ይመታበታል» አለችኝ።

ተቀምጬ መተየብ ጀመርኩ። እሳት ከተነሳ ሠራተኛው ማንኛውም ግቢ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይገባል ይላል። በር ይሰብራል፣ አጥር ያፈርሳል፣ መብራት ያስቆርጣል፣ ከፈለገ የሆቴሉን ውሃ ይቀዳል። ዞር በል የተባለ ዞር ይላል፤ እምቢ ያለ ይቀጣል። እኔ ምሳ ለመብላት አለቃዬን አስፈቅዳለሁ። መዘምራን ልምምድ ለመቅረት አስፈቅዳለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ጸጉሬን ለመቆረጥ እናቴን አስፈቅዳለሁ። ይቺ ልጅ ግን፣ ሳይንስ ከእኔ እየኮረጀች ያለፈችው፣ የፈለገችውን በር መስበር ትችላለች።

እኛ ሱቅ ደንብ የሚመስል ነገር ሁሉ የሚተየበው አንድ አሮጌ ፋይል ላይ ነው። ርዕሱም፣ የአንቀጹ ቁጥርም፣ ክፍተቱም ተስተካክሎ ተቀምጧል፤ የድሮውን ጽሑፍ እያጠፋን አዲሱን እንከትበታለን። የድሮው የጽዳት ተቆጣጣሪዎች መመሪያ ነበር። ንዴቴን ይዤ ስተይብ አንዷን መስመር ሳላጠፋ ዘለልኳት።

ያየኋት ወረቀቱ ትኩስ ትኩሱን ሲወጣ ነው። ከታች፣ ከአንቀጾቹ መጨረሻ ላይ፣ «ሠራተኛው ወደ ግቢ ከመግባቱ በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ አለበት» ትላለች። አፌን ልከፍት ስል ጓደኛዬ ወንበሬን እያዞረች፣ «አንቺ እኮ ታድለሽ! ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ» አለችኝ።

ስቴፕለሩን አንስቼ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረግሁና ሰጠኋት። የእጅ ጽሑፏን ጥላው ሄደች። አንድ እግሩ አጭር የሆነው የፕሪንተሩ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ስለሚወዛወዝ አራት ቦታ አጥፌ ከስሩ ወተፍኩት።

ወረቀቱ ማኅተም ተመቶበት በራቸው ላይ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከእኛ ሱቅ ማዶ ያለው የስፖንጅ መጋዘን ተያያዘ። ጭሱ ጥቁር ነው፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ጓደኛዬ ያለችበት መኪና ደረሰ፤ ወደ እሳቱ የሚያስጠጋው መንገድ ግን በጎረቤቱ ግቢ በኩል ብቻ ነበር። ትልቅ የብረት በር ነው፣ ከውጭ ተቆልፏል። የግቢው ባለቤት በሩ ፊት ቆሟል።

«ቁልፉ በባጃጅ እየመጣ ነው ልጄ፣ ትንሽ ታገሺ።»

«ጋሼ፣ ዞር ይበሉ።»

«በሬን እንዳትነኪ!»

«ዞር ይበሉ አልኩ እኮ!»

ጓደኛዬ ጓጉንቸሩን በትልቅ መቁረጫ በጠሰችው። በሩ አልከፈት ሲል ከማጠፊያው ነቀሉት፤ ወድቆ የሰውዬው ሞተር ሳይክል ላይ አረፈ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር፣ «ኧረ ሴት ናት! ወንዶቹ ቱቦ ያቀብሏት!» ብሎ አጨበጨበ። ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ኮፒ ማሽኑን ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ አላጨበጨብኩም። እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ጠርተው ጸለዩላት። ሁሉም አሜን ሲል ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፤ ድምፅ ግን አላወጣሁም።

ማክሰኞ ወደ ሱቁ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«የእጅ ጽሑፌ አንቺ ጋ ቀርቷል?»

«ምን ሆንሽ?»

«ሰውዬው መሥሪያ ቤታችን በር ላይ የተለጠፈውን በስልኩ አንስቶ ከሰሰኝ። የራሳችሁ ወረቀት አስፈቅዱ ይላል ብሎ። አዛዡ በር መስበሬን ልክ ነው አለ፣ ዋናው ደንብ ይፈቅዳል። ግን ደንቡ ላይ የሌለ ነገር በራስሽ ጨምረሽ ማኅተም አስመትተሻል ነው የሚለኝ። እስኪጣራ ከመኪናው አውርዶኝ ቱቦ እያጠብኩ ነው። ሊያባርሩኝ ነው እኮ! ተሳስቼ ጽፌው ይሆን እንዴ? ራሴንም ተጠራጠርኩ።»

ይህን ስትል ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ተደግፋ ነው። ወረቀቱ ከጫማዋ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«አላየሁትም» አልኳት።

ማታ ራት ላይ እናቴ ወሬውን ሰምታ ጠበቀችኝ። «ድሮም ሴት ልጅ መሰላል ላይ ምን አላት? አንቺንስ ጌታ አተረፈሽ» አለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስንት ወር የጠበቅኩት ቃል ነው። ግን ሳህኑን ገፋ አደረግሁት። እኔ ልበልጣት የምፈልገው እዚያው መሰላል ላይ ነው። እሷ በዚህ ከወረደች፣ ከዚያ በኋላ መሰላሉን ለሴት ማን ያቆመዋል? እኔስ በምን ልወጣ ነው?

ጠዋት ተንበርክኬ ወረቀቱን ከጠረጴዛው እግር ስር ሳብኩት። ፕሪንተሩ ተንገዳገደ።

«ወዴት ነው?» አለ አለቃዬ።

«መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ሳላስፈቅድ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

የእሳት አደጋው አዛዥ ሽበታም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጓደኛዬን ከግቢው አስጠራት፤ ከእጅጌዋ ውሃ እየተንጠባጠበ ገባች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ይህ የእሷ ጽሑፍ ነው፣ ይመልከቱት። ያቺ መስመር የለችበትም። ከአሮጌ ፋይል ሳላጠፋት የቀረሁት እኔ ነኝ።»

አዛዡ መነጽሩን አድርጎ ከተለጠፈው ጋር መስመር በመስመር አስተያየ። ጓደኛዬ ግን ወረቀቱን አላየችም። እኔን ነው የምታየው።

«አውቀሽ ነው?»

«ስተይበው አላወቅኩም። ስቴፕል ሳደርገው አውቄያለሁ።»

«ትናንትናስ?»

«ትናንትናም።»

«ለምን?»

«ስለቀናሁብሽ ነዋ!»

አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ ወደ መኪናሽ ተመለሺ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብለሽ እንደገና ትተይቢዋለሽ። ቀለም መጥቷል» አለኝ።

ጓደኛዬ ወደ መኪናዋ አልሄደችም። ከኋላዬ ቆማ እርጥብ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች እያንዳንዷን መስመር ጮክ ብላ አነበበች። «ሳያስፈቅድ ይገባል» የሚለው ጋ ስትደርስ ሁለቴ ደገመችው።

ስጨርስ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ የልምምዱ መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ቦርሳዬን መሬት ጣልኩና መውጣት ጀመርኩ። አራት። አምስት። ስድስተኛው ላይ ጉልበቴ ያንኑ ነገር ጀመረ። ከታች ኮቴዋን ሰማሁ። መሰላሉ ሲጸና ተሰማኝ፤ ይዛዋለች።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለች። ድምጿ አልለሰለሰም።

ወደ ታች አላየሁም። ሰባተኛውን ያዝኩ።