የግንቡ ሥር ሆቴል አንሶላዎች

ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም አይደለም። አንዳንዱ መነጽር ሻጭ ነው። የዛሬዋ ባለታሪካችንም መነጽር ሻጭ ናት። ሥራዋ ደንበኛውን መስታወት ፊት አቁማ «ይሄኛው ፊትዎን ሰፋ ያደርገዋል፣ ያኛው ደግሞ የተማረ ያስመስልዎታል» ማለት ነው። ዓይን የሚለካው ሌላ ሰው ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ያለ ጋዋን። እሷ ግን ለምሳ ስትወጣም ጋዋኗን አታወልቅም። ዳቦ ቤት «ዶክተር፣ ምን ያህል ልስጥዎት?» ሲሏት «አራት» ትላለች እንጂ «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» አትልም። መቼ ዋሸች? ዳቦ ነው የገዛችው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተሯ» ብሎ ሰየማት። እኛም ከሰፈሩ አንለይም፤ ዶክተሯ እንበላት።

ዶክተሯ እናት አለቻት። ሰው ሁሉ እናት አለው፤ ዶክተሯ ግን የራሷን እንደ ክፉ በሽታ ደብቃ ያዘቻት። እናትየዋ ከከተማው ዳር፣ ከትልቁ መዝናኛ ፓርክ ግንብ ሥር በተለጠፈ ርካሽ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት። ልጇን ያሳደገችው በዚያ አንሶላ ነው። ያስተማረችው በዚያው ነው። ያን የተከበረ ነጭ ጋዋን እንኳ በየሳምንቱ አጥባና ተኩሳ የምትልከው እሷ ናት። ዶክተሯን ዶክተር ያደረጋት በረኪና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ባል መጣ። አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ደግ ሰው፣ እጁ ግራሶ የማያጣው። ከባል ጋር አማት መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ርዕሰ መምህርት ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጥያቄ ሲጠይቁ አገጫቸውን ቀና ስለሚያደርጉ፣ ተጠያቂው ጥፋት ባይኖረውም ፈልጎ ያገኛል።

«እናትሽ ምን ይሠራሉ?» አሉ።

«ሆቴል ነው የምትሠራው» አለች ዶክተሯ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነበር። አማት ዓይናቸው በራ ሲል ጊዜ «ኃላፊ ናት» ብላ ጨመረችበት።

«የትኛው ሆቴል?»

«ፓርኩ በር ፊት ለፊት ያለው። ፏፏቴ ያለው።»

ውሸት እንደ ሕንጻ ነው፤ አንዴ መሠረት ከጣልክለት ፎቅ ይጠይቃል። ጋብቻው በማዘጋጃ ቤት ፊርማ ብቻ አለቀ፤ እናትየዋም «ለስልጠና ውጭ አገር ሄዳለች» ተባለ። ስልጠና ላይ ያለችው እናት በዚያ ጠዋት የሙሽራዋን ቀሚስ በሆቴሉ ካውያ ተኩሳ፣ በፕላስቲክ ሸፍና፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ድረስ ይዛ መጥታ ነበር። «ስትቀመጪ ከኋላ ሰብሰብ አድርጊው፣ እንዳይጨማደድ» አለች። ቀሚሱን አስረክባ በመጣችበት አውቶቡስ ተመለሰች።

ግማሽ ዓመት ሳይሞላ አማት ደወሉ።

«ልጄ፣ በሥራ ዘመኔ ተማሪ እየነዳሁ ፓርኩ በር ድረስ ሄጄ፣ እነሱ ሲገቡ እኔ ውጭ ቆሜ ቦርሳ ስጠብቅ ኖርኩ። አሁን በቃኝ። ያን ሰው አሳፍሮ ሰማይ ላይ የሚዞረውን መንኮራኩር ራሴ እወጣበታለሁ።»

«በዚህ ጉልበትዎ፣ እትዬ?»

«የምቀመጠው በመቀመጫዬ እንጂ በጉልበቴ ነው እንዴ? ጉልበት የሚያስፈልገኝ እስከ በሩ ነው። ስለዚህ የምናድርበት ሆቴል በእግር የሚደረስ ይሁን። ዋጋውም የጡረተኛ ይሁን። ወይስ እናትሽ እዚያ ፏፏቴው ጋ ቅናሽ ታስደርግልናለች?»

«አልተመለሰችም እኮ። ስልጠናው ተራዘመ።»

«ምን ዓይነት ስልጠና ነው? ሆቴል ልታስተዳድር ነው ወይስ ጨረቃ ላይ ልትወጣ?»

ባልየው ከጎን ሆኖ ሳቀ። ዶክተሯም አብራው ሳቀች።

እንግዲህ ሆቴል መምረጥ የዶክተሯ ዕዳ ሆነ። ርካሽ ሆቴል መርጦ የሚያውቅ ሰው ይህን መከራ ያውቀዋል። ማስታወቂያው ሁሉ «ከፓርኩ በእግር የሚደረስ» ይላል፤ የማን እግር እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። የሰው ይሁን የሰጎን፣ አንባቢ ሄዶ ያጣራ። «ጸጥታ የሰፈነበት» ካለ ማንም አይሄድበትም ማለት ነው። «ፓርኩን የሚያሳይ ክፍል» ካለ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለህ አንገትህን ብታዞር ታየዋለህ ማለት ነው። አልጋው ላይ ከፎጣ የተሠራ ዳክዬ በፎቶ ካየህማ ሽሽ፤ ዳክዬው የተቀመጠው የመታጠቢያ ቤቱን ነገር እንዳትጠይቅ ነው።

ዶክተሯ በዕረፍት ቀኗ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጋ ራሷ ለማየት ሄደች። ባለፏፏቴው ሆቴል በአንድ ሌሊት የጡረታ ደመወዝ ይውጣል፤ በዚያ ላይ የውሸቷ መኖሪያ ነው። ሁለተኛው ዋጋው ደህና ነው፣ ግን ከፓርኩ የሚለየው ሰፊ አውራ ጎዳና አለ፤ መሻገሪያው የብረት ድልድይ ነው፣ ደረጃው እንደ መሰላል የቆመ። ሦስተኛው ከበሩ ጎን፣ ከግንቡ ሥር ነው። ርካሽ ነው። ምድር ቤት ክፍል አለው። ቁርስ አለው። ለአማቷ ጉልበትና ኪስ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ጣሪያው ላይ አንሶላ ተሰቅሎ ነፋሱ ያርገበግበዋል፤ ከአንሶላው መሃል የአንዲት ሴት ጀርባ ጎንበስ ቀና ይላል።

ዶክተሯ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየች። ተሻግራ «እንደምን ዋልሽ» አላለችም። አውቶቡሷን ጠብቃ ተመለሰችና ባለድልድዩን መረጠች።

«ይሄኛውስ?» አለ ባሏ ማታ ስልኩን እያሳያት። «ከበሩ ጎን ነው፤ ዋጋውም ያንሳል።»

«ትኋን አለበት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ደንበኛ።»

«ሰው መነጽር ሲገዛ ስለ ትኋን ያወራል?»

«ሳይታየው አድሮ ነው መነጽር ሊገዛ የመጣው!» አለች። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ባልየው ሳቀና ስልኩን አስቀመጠ።

ቀኑ ደረሰ። ዕቃቸውን ባለድልድዩ ሆቴል ጥለው ወደ ፓርኩ ተነሡ። ርዕሰ መምህርቷ ለመንኮራኩሩ ብለው አዲስ ሻርፕ አድርገዋል። የድልድዩን ደረጃ እኩሌታ እንደወጡ ቁጭ አሉ። ሲያርፉ ወጡ፣ ሲወጡ አረፉ። ወዲያ ማዶ ሲወርዱ ልጃቸው ብብታቸው ሥር ገብቶ ሊሸከማቸው ምንም አልቀረውም።

«አንቺ ልጅ» አሉ እያለከለኩ፣ «በእግር የሚደረስ አልሽኝ እንጂ በክንፍ አላልሽኝም።»

«ካርታው ላይ ቅርብ ነበር፣ እትዬ…»

«ካርታ ጉልበት የለውማ!»

ባልየው ዙሪያውን አየ። «ያውላችሁ፣ ከግንቡ ሥር ያለው። እማዬ፣ እዚህ ትረፊ። ዕቃውን እኔ አመጣለሁ፤ ነገ በጠዋት ትገቢያለሽ።»

«እዚያ አይሆንም!» አለች ዶክተሯ። ማን ሰምቷት! እናትና ልጅ ገብተው ነበር።

የሆቴሉ መቀበያ ሁለት ወንበር፣ አንድ የፕላስቲክ አበባና ከረባቱ የጠበበው አንድ እንግዳ ተቀባይ ይዟል። ዶክተሯ ተከትላ ገባችና ድምጿን ከፍ አደረገች። የፈራ ሰው ይጮሃል።

«እዚህ አናድርም! አንሶላቸው ቆሻሻ ነው። አያጥቡትም፤ እየገለበጡ ነው የሚያነጥፉት። አውቃለሁ!»

እንግዳ ተቀባዩ ብዕሩን አስቀመጠ። «እመቤት፣ ስለ ቧንቧው ቢናገሩ ዝም እል ነበር። ስለ ቁርሱም ይናገሩ፣ እኔም አግዝዎታለሁ። አንሶላውን ግን አይንኩብን።» ወደ ጓዳው ዞሮ ተጣራ፦ «እትዬ! ኑ እስቲ ውጡ፣ ስምዎ እየጠፋ ነው!»

እናትየዋ መጣች። የታጠፈ አንሶላ እስከ አገጯ ድረስ ታቅፋለች፤ ሽርጧ ርሷል። ልጇን አየች። የልጇን ባል አየች፤ በፎቶ ታውቀዋለች። አማቲቱን አየች፤ ማን እንደሆኑ ሳይነግሯት ገባት። የታቀፈችው አንሶላ ትንሽ ዝቅ አለና ተመልሶ ቀና አለ።

«እኚህ እመቤት አንሶላዎ አይታጠብም ይላሉ» አላት እንግዳ ተቀባዩ።

እዚህ ጋ አንዲት እናት ብዙ ነገር ማለት ትችላለች። ይህቺኛዋ ያለችው ይህን ነው፦

«እመቤቴ ሌላ ቦታ አይተው ይሆናል። እዚህ አካባቢ ሆቴሉ ብዙ ነው፤ ይምታታል። ግድ የለም፣ ይፈትሹት።» ከላይ ያለውን አንዱን አንሶላ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው።

ርዕሰ መምህርቷ በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ይህ ቆሻሻ ከሆነ እኔ ለብሼ የመጣሁት ምን ሊባል ነው?» አሉ። «ሁለት ክፍል ስጠን፣ ልጄ።»

«ሌላ የጎደለ ነገር አለ፣ እመቤቴ?» አለቻት እናትየዋ ልጇን።

ዶክተሯ የፕላስቲክ አበባውን እያየች «የለም» አለች።

ስለ እፍረት ብዙ ይባላል፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይላል ሰው። መሬት ግን እንዲህ ላለ ነገር አትከፈትም፤ ሥራ አላት። ዶክተሯ ያን ሌሊት እናቷ ባጠበችው አንሶላ ላይ ተኛች፤ ማለትም ተጋደመች። አንሶላው እንደ ልጅነት አልጋዋ ይሸታል። ባሏ «አየሽ፣ አንድም ትኋን የለም» ብሎ እንቅልፉን ለጠጠ።

ጠዋት ርዕሰ መምህርቷ ጉልበታቸው ታድሶ ብቅ አሉና ከቦርሳቸው አንድ ድፍን የብር ኖት አወጡ።

«እንዲህ ያለ መኝታ ካገኘሁ ቆይቻለሁ። ይህን ለአጣቢዋ ስጪልኝ። የሰደብሻት አንቺ ነሽ፣ የምትክሺያትም አንቺ ነሽ።»

«እርስዎ ቢሰጧት…»

«አንቺ ነሽ አልኩ!»

እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ ጋሪ እየገፋች ነበር። ባሏና አማቷ ከኋላ ቆመው እያዩ ዶክተሯ ብሩን ዘረጋችላት። እናትየዋ በሁለት እጇ ተቀበለቻትና ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» አለች። ቀና ስትል የልጇ ኮሌታ ከኋላ ተጣጥፎ አየች። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ፤ ኮሌታውን አወጣች፣ አስተካከለች፣ በመዳፏ ጠፍጠፍ አደረገችው። ከዚያ ያደረገችውን አወቀችና ጋሪዋን ይዛ በፍጥነት ሄደች።

ወደ ፓርኩ በር ወጡ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ መንኮራኩሩ ከግንቡ በላይ ቀስ ብሎ ይዞራል። ርዕሰ መምህርቷ ግን ቀና ብለው አላዩትም።

«ያቺ ሴት ምንሽ ናት?»

«የቷ?»

«አንቺ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ‹አያቴ ሞታ ነው የቀረሁት› ሲሉኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዱ ተማሪ በዓመት አምስት አያት ቀብሮብኛል። አጣቢ የእንግዳ ኮሌታ አታስተካክልም። ምንሽ ናት?»

ባልየው ዞረ። ከፊታቸው የተሰለፉት ሰዎችም ጆሯቸውን አቀኑ፤ የሰው ጉድ ከመንኮራኩር ይጥማል።

«እናቴ ናት» አለች ዶክተሯ ለጫማዋ።

«አልሰማሁም።»

«እናቴ ናት!»

ባልየው ወደ ሆቴሉ ዞሮ አየ። «እኔ እያየሁ…» አለ፤ «ለእናትሽ ጉርሻ…» አልጨረሰውም።

ርዕሰ መምህርቷ ሻርፓቸውን ፈቱ። ይጮሃሉ ተብሎ ሲጠበቅ ድምጻቸው ወረደ። «አጣቢ ናት ብትዪኝ ምን እል ነበር? አላውቅም። ምናልባት ፊቴን አጠቁር ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው መሆኔን ራሴ አውቃለሁ። ደግሞ ብሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ።» ሻርፑን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ግን ልጄ፣ የኔን ፊት ፈርተሽ የሷን ፊት ረገጥሽው።» ከሰልፉ ወጡ።

«እማዬ፣ መንኮራኩሩስ?» አለ ልጃቸው።

«የትም አይሄድም። እዚያው ነው የሚዞረው።»

የአንሶላ ማጠቢያው ክፍል ያለው ከሆቴሉ ምድር ቤት በታች ነው። አማቲቱ ከደረጃው አናት ላይ ቆሙ። «ይህን አልወርድም፣ አልችልም። ሂጂ፣ እናትሽን ይዘሽልኝ ውጪ። ምን እንደምትያት ደግሞ እንዳትጠይቂኝ፤ ለተፈታኝ መልስ ነግሬ አላውቅም።»

ዶክተሯ ወረደች። ክፍሉ ሞቃት ነው፤ ማሽኑ ያጓራል። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ የሌሊቱን አንሶላ ታስገባለች።

«እማዬ» አለች። ማሽኑ ዋጠው። «እማዬ!»

እናትየዋ ዞረች። በመጀመሪያ ያየችው ልጇን አይደለም፤ ከልጇ ጀርባ ያለውን በር ነው።

«ምን ነካሽ አንቺ? ሊያዩሽ ነው እኮ! ውጪ፣ ቶሎ ውጪ!»

«ያውቃሉ። ላይ ቆመዋል። ነይ ይሉሻል።»

እናትየዋ ማሽኑን አጠፋች። ሽርጧን ፈታች፣ እጇን ጠረገችበት፣ ፀጉሯን ወደ ሻሿ መለሰች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ወደ ልጇ ጠጋ ብላ፣ ላይ ያሉት እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት፦

«እሺ፣ ምን ብለሽ ነገርሻቸው? እንዳልሳሳትብሽ ቶሎ ንገሪኝ። ምንሽ ነኝ ልበል?»