ምን ብሎ ነው የመረጠሽ?

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ መሀል፣ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ አጥፍ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ እዚያ ምድር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ላስቲክ ያለው አንሶላ አልታጠፍ ብሎኝ ስታገል ከኋላዬ መጥተው፣ እጄን ይዘው፣ ጥግና ጥጉን ያጋጥሙልኛል። እስከ ዛሬ አንሶላ ባጠፍኩ ቁጥር ይናፍቁኛል። አንሶላ ሳያጥፉ አይኖር ነገር።

ምሳ ላይ የማያወሩኝ አልነበረም። በስልክ «ክፍት ነው» የተባሉት የኪራይ ቤት፣ ሄደው ፊታቸው ሲታይ «ተይዟል» እንደሆነባቸው ይነግሩኛል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ባደግሁበት ቤት እንዲህ ያለውን ማውራት ነውር ነው። አንድ ቀን «በአገራችሁስ?» አሉኝ።

«እኛ ዘንድ የለም» አልኩ፣ ሳላመነታ።

አዲስ አበባ ቤታችን ከደቡብ የመጣች ሠራተኛ ነበረች። ደብተሬን ተሸክማ ትምህርት ቤት ታደርሰኛለች፤ እሷ ግን አትገባም። በስሟ ጠርተናት አናውቅም፤ «ጥቁሯ» ነበር የምንላት። ያን ቀን ትዝ እንኳ አላለችኝም።

ሥራ አስኪያጁ ነጭ ነበር። ወደ ምድር ቤት ሲወርድ፣ እንደ አስተዳደጌ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጄን አጣምሬ እቆማለሁ። ሥራ ያስተማሩኝ ሴትዮ ግን አይነሱም፤ ለምን ይነሱ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ፎቅ ላይ የእንግዳ መቀበያው ቦታ ሲለቀቅ እሳቸው አመለከቱ፤ ማመልከቻቸውንም አሳይተውኛል። እኔ አላመለከትኩም። ሰውዬው ግን እኔን ጠርቶ ቦታውን ሰጠኝ።

«እናንተ ሰው ታከብራላችሁ» አለኝ። «እንደነሱ አይደላችሁም።»

ደስ አለኝ። ከደሞዙ ይልቅ «እንደነሱ አይደላችሁም» መባሌ ነው ደስ ያለኝ። ይህን ደብቄ ሌላውን ብጽፍ ዋጋ የለውም።

እሳቸው ቦታው ለእኔ መሰጠቱን ሲሰሙ አቀፉኝ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ምን ብሎ ነው የመረጠሽ?» አሉኝ።

«ምንም አላለኝም።»

«ቦታውን ተይው አላልኩሽም፤ ለእኔ ተከራከሪም አላልኩሽም። ያለውን ብቻ ንገሪኝ።»

«ምንም» አልኩ ደግሜ። ተነሥተው ወደሚያጥፉት ፎጣ ተመለሱ።

ፍሩትቬል ሰፈር ቤቴ ገብቼ ሳለቅስ ደባሌ ደነገጠች። «ፕሮሞት አደረጉኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ? ባይሆን ለእኔም አፕሊኬሽን አምጪልኝ» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ ለሷም አልነገርኳት።

በወሩ እሳቸው ሥራውን ለቀው ሪችመንድ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ሳይሰናበቱኝ አልሄዱም፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ጨበጡኝ እንጂ አላቀፉኝም። አዲሱ ቦታዬ ላይ ቆሜ ምድር ቤቱ ይናፍቀኝ ጀመር፤ ያ ሁሉ ሙቀት፣ የእሳቸው ሳቅ፣ ሳይፈሩ መናገራቸው። ሰው እንደዚያ አምኖ አናግሮኝ አያውቅም።

ከዓመት በኋላ ስልካቸውን አፈላልጌ እሑድ ከሰዓት ደወልኩ። ሰውዬው ያለውንም፣ እኔ ደስ መሰኘቴንም ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። ድምፄን ወዲያው ለዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?»

ደህና ነኝ አልኩ። ትንፋሻቸው በስልኩ ይሰማኛል፤ እየጠበቁኝ ነው።

ስለ ዝናቡ አወራኋቸው።